የስቶርምትሩፐር (የስታር ዋርስ ፊልም ወታደር) ጥሩር ቤት ውስጥ ለምትሠሩ

እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው የስታር ዋርስ አፍቃሪዎች ክለብ፣ 501ኛው ሌጌዎን፣ ለአባልነት ስታመለክቱ ራሳችሁ የሠራችሁትን ጥሩር ይቀበላል። ብቻ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ለመረጣችሁት ገጸ ባሕርይ የወጣውን መስፈርት አንብቡ፤ ለአንዱ የሚያልፈው ለሌላው ላያልፍ ይችላል።

ለነጩ ስቶርምትሩፐር ኤቢኤስ የሚባለውን ጠንካራ ፕላስቲክ የሚያህል የለም ባይ ነኝ። ነጩን ከገዛችሁ ገጹ ራሱ ስለሚያብለጨልጭ ከቀለም ጣጣ ትገላገላላችሁ። ቁርጥራጩን ደግሞ እንዳትጥሉት! ጠርሙስ ውስጥ አሴቶን (ፕላስቲኩን የሚያሟሟ ፈሳሽ) አፍስሱበትና አሳድሩት፤ እንደ ሊጥ ሲወፍር ስንጥቁንና የመገጣጠሚያውን ክፍተት ትደፍኑበታላችሁ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ነው። አሴቶን በቀላሉ እሳት ይይዛል፣ ሽታውም ራስ ያዞራል፤ ደጅ ወጥታችሁ ሥሩ።

ፎም (ስፖንጅ መሰሉ ለስላሳ ቁስ) ርካሽ ነው፣ ለልጆች ልብስም ግሩም ነው። ለዚህኛው ግን አልመክርም፤ ሲታጠፍ ቀለሙ ይሰነጠቃል፣ ጠርዙም ስል ሆኖ አይወጣም። ማመልከቻችሁ የሚገመገመው በፎቶ ስለሆነ ይሄ ወዲያው ያስታውቃል። ካርቶንማ ሞዴል ለመለካት ካልሆነ እርሱት።

ሠርታችሁ ስትጨርሱ ፀሐይ አታስመቱት፣ ኤቢኤስ ቢጫ ይሆናል።