ዲያብሎ 2፦ ለቅጥረኛችሁም መድኃኒት አጠጡት

በዲያብሎ 2 የኮምፒውተር ጨዋታ ዱሪዬል የተባለው ከባድ ጭራቅ ጋ ስትደርሱ፣ አብሯችሁ የሚዋጋው ቅጥረኛችሁ ወዲያው እየሞተ ተቸግራችኋል? ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መሸሻ የለም። እሱ ከወደቀ ጭራቁ በቀጥታ እናንተ ላይ ይዞራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ሺፍትን ተጭናችሁ ሳትለቁ መድኃኒቱ ያለበትን የቀበቶ ቁጥር፣ ከ1 እስከ 4 አንዱን፣ ንኩ። መድኃኒቱን እናንተ ሳትሆኑ ቅጥረኛው ይጠጣዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው የጨዋታው ማስፋፊያ (ተጨማሪ ክፍል) ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ግን ጨዋታው በደንብ ስለማያሳየው ብዙ ሰው ሳያውቀው ይጨርሳል። በጣም ያሳዝናል!

ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። ቀዩ መድኃኒት ጤናን በአንዴ አይሞላም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሠራው። ስለዚህ የቅጥረኛው ጤና ግማሽ ሲደርስ ስጡት። ሊሞት ሲል ብትሰጡት አይደርስለትም። ሐምራዊው ግን ወዲያው ይሠራል፤ ትንሹ 35 በመቶ፣ ትልቁ ሙሉውን ይመልሳል። እኔ ሐምራዊውን ለጭንቅ ሰዓት ብቻ ነው የማስቀምጠው።

ሰማያዊውን አትስጡት፤ የሚሞላው ማናን (ለአስማት የሚውለውን ኃይል) ነው፣ ቅጥረኛ ደግሞ ማና አያስፈልገውም። እናንተም መድኃኒት ሊያልቅባችሁ ከሆነ የቀረውን ለእሱ አትጨርሱ፣ ቅድሚያ ለራሳችሁ። እሱ ቢሞት ከተማ ተመልሳችሁ በወርቅ ታስነሡታላችሁ። ዋጋው ግን ደረጃው ባደገ ቁጥር እየጨመረ እስከ 50,000 ይደርሳል። ደግሞ ሞቶ ባለበት ጊዜ ልምድ አያገኝም፤ ከእናንተ ደረጃ ወደኋላ ይቀራል።

ቁልፎቹ ለኪቦርድ ናቸው፤ በጆይስቲክ የምትጫወቱ ከሆነ የቁልፍ ማስተካከያውን እዩ።