የድሮ የጀርመን ሳንጃ ቁጥር ግራ ሲያጋባ፦ ችግርና መፍትሄ

የድሮ የጀርመን ሳንጃ እጁ የገባ ሰው ያየውን ቁጥር ሁሉ ፎቶ አንስቶ «ይሄ የየትኛው ጦር ነው?» ይላል። ችግሩ አንድ ሳንጃ ላይ ፋብሪካውም፣ የመንግሥት ተረካቢውም፣ ጦሩም የየራሳቸውን ምልክት በመዶሻ መምታታቸው ነው። ስለዚህ ከማንበባችሁ በፊት ምልክቱ የት ቦታ እንዳለ እዩ። ማን እንደመታው የሚነግራችሁ ቦታው ነው።

ምልክቶቹ የላቲን ፊደላት ናቸው፤ እዚህ እንደ አጠራራቸው እጽፋቸዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ዘውድ አለው፤ ከስሩ ደብልዩ እና 16 ይላል። 16ኛ ሬጅመንት ነው?»

አይደለም። ደንደሱ ላይ ከሆነ የመንግሥት መረከቢያ ምልክት ነው። ደብልዩ ዊልሄልም ማለት ነው፣ 16 ደግሞ 1916። ቶሎ ብላችሁ «ፕሩሺያ» እንዳትሉ ግን፤ የዉርተምበርግ ንጉሥም ስሙ ዊልሄልም ነበር (ፕሩሺያ፣ ዉርተምበርግ፣ ባቫሪያና ሳክሶኒ ያኔ በጀርመን ውስጥ የየራሳቸው ንጉሥ የነበራቸው ግዛቶች ናቸው)። ኤል ከሆነ ባቫሪያ ነው፣ ኤፍ እና ኤ አብረው ካሉ ሳክሶኒ። ጦሩን ከፈለጋችሁ ደንደሱን ተዉትና በእጀታውና በብረቱ መሃል ያለውን አግዳሚ መከታ፣ ቀጥሎም የሰገባውን አፍ ብረት እዩ።

«መከታው ላይ 79. አር. 12. 45. ይላል»

አሁን ቤቱን አገኛችሁት። በጀርመን ንጉሠ ነገሥታት ዘመን መሣሪያ ላይ ምልክት የሚመታበት መንገድ በደንብ የተደነገገ ነበር፤ አንዱ መመሪያ የ1877 ነው፣ የተሻሻለው ደግሞ የ1909። አነባበቡ ከግራ ወደ ቀኝ ነው፦ 79ኛ እግረኛ ሬጅመንት፣ 12ኛ ሻምበል፣ መሣሪያ ቁጥር 45። ይህ ሬጅመንት መቀመጫው ሂልደስሃይም ከተማ ነበር።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፤ ቁጥሩን ያነብና ፊደሉን ይዘለዋል። ከፊት ቢ ካለች ባቫሪያ ናት፤ ባቫሪያ ደግሞ የራሷ አቆጣጠር ነበራት። ቢ የሌለው 19 ጎርሊትዝ ከተማ ይወስዳችኋል፣ ቢ ያለበት 19 ደግሞ ባቫሪያ ውስጥ ያለችው ኤርላንገን። (የኤርላንገኑ 19ኛ ሬጅመንት በክብር የተሰየመው በጣሊያኑ ንጉሥ በሳልሳዊ ቪክቶር ኢማኑኤል ነበር። አዎ፣ በ1936 «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነኝ» ያለው ሰውዬ።)

አር ሁለት ጊዜ ከተመታ አንዱ ተጠባባቂ፣ ሌላው ሬጅመንት ነው። ጄ አዳኝ የሚባለው የእግረኛ ሻለቃ ነው፣ ፒ መሃንዲስ፣ ኤ መድፈኛ። አንድ ጥሩ መፈተኛ ልስጣችሁ፦ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የመደበኛ እግረኛ ሬጅመንቶች ተራ ቁጥር 182 ላይ ያበቃል። ከዚያ የሚበልጥ ካያችሁ ተጠባባቂ ጦር ወይም በጦርነቱ ጊዜ የተቋቋመ ነው፤ አለዚያ ተሳስታችሁ አንብባችኋል።

«አንዱ ቁጥር ተሰርዟል፣ ሌላ ከጎኑ አለ»

ሳንጃው ከአንድ ጦር ወደ ሌላ ተዛውሯል። ያልተሰረዘው የመጨረሻው ባለቤት ነው። የተሰረዘውንም መዝግቡት፤ ታሪኩ ከዚያ ይጀምራል።

«ሰገባውና ሳንጃው አይገጥሙም»

በጦር ሜዳ መለዋወጥ ያለ ነገር ነው። ነጋዴም ከሁለት ቦታ አምጥቶ ያገጣጥማል። ሁለቱን ለየብቻ አንብቡና ለየብቻ ጻፉ። ዋጋ ስትከራከሩ ግን «ሙሉ ነው» የሚለውን አትቀበሉ።

«የብረቱ ጎን ላይ 4521 እና ትንሽ ፊደል አለ። ሰገባውም ላይ ያው ነው»

ይሄ የፋብሪካ ተራ ቁጥር ነው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ በኋላ የተሠሩት እንዲህ ናቸው። በዚያን ጊዜ ጀርመን ጦሩን በምስጢር እያሳደገች ስለነበር የጦር ምልክት መምታት ቀረ። ስለዚህ ብትፈልጉም አታገኙም። ሲ-ኦ-ኤፍ ወይም ኤ-ኤስ-ደብልዩ የሚሉ ሦስት ፊደላትም የአምራች ምስጢር ኮድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ካርል አይክሆርን፣ ሁለተኛው ሆርስተር፣ ሁለቱም የዞሊንገን ከተማ አምራቾች። ልዩ የሆነው የባሕር ኃይሉ ነው፤ ኦ እና ቁጥር ከሆነ የባልቲክ፣ ኤን እና ቁጥር ከሆነ የሰሜን ባሕር ጣቢያ ነው።

«ቁጥሩ አይታይም፣ ዝገት በልቶታል»

ብርጭቆ ወረቀትና የሽቦ ብሩሽ ጣሉ! ስንት ሳንጃ የተበላሸው በጽዳት ነው። ቀጭን ዘይት በለስላሳ ጨርቅ ቀቡና ይቆይ። ከዚያ ክፍሉን አጨልማችሁ የስልካችሁን መብራት ከጎን፣ ብረቱን ሊነካ እስኪደርስ ዝቅ አድርጋችሁ ያዙት። ከላይ ሲበራ የማይታየው ጥላ ጥሎ ብቅ ይላል። የጠመኔ ዱቄት ጉድጓዱ ውስጥ ቀብታችሁ ላዩን መጥረግም ይረዳል። የጀርመን 1 ከላይ ረጅም ጭራ ስላለው ከ7 ጋር ይምታታል፤ ሁለቱንም አማራጭ ያዙ።

«ቁጥሩ በጣም ጥርት ያለ ነው»

ይሄኔ ነው መጠርጠር። በማጉያ መነጽር የፊደሉን ጉድጓድ ውስጥ እዩ። መቶ ዓመት የቆየ ምልክት ውስጡም እንደ ዙሪያው ጠቁሯል፤ ሲመታ ተገፍቶ የወጣው የብረት ከንፈርም ከመፋተግ ብዛት ለስልሷል። ውስጡ የሚያብረቀርቅ፣ ጠርዙ ጣት የሚይዝ ከሆነ ትናንት የተመታ ነው። ከሁሉ በላይ ዝገት የቆፈረውን ጉድጓድ አቋርጦ የሚያልፍ ፊደል ካያችሁ ነገሩ አለቀ፤ መዶሻው የመጣው ከዝገቱ በኋላ ነው። «ብርቅ» የሚባል ጦር ስም በሆነ ቁጥር ፍተሻችሁን አጥብቁ፤ ተራ እግረኛ ሬጅመንት አስመስሎ የሚደክም የለም።

«ምንም ምልክት የለውም»

ይህ ብቻውን ጉድለት አይደለም። በ1914–18 ብዙ ሳንጃ ሳይመታበት ወደ ግንባር ሄዷል። ወታደር ከኪሱ ከፍሎ የገዛው የክት ሳንጃም የመንግሥት ንብረት ስላልሆነ አይመታበትም። እንዲህ ያለው ሳንጃ አንዳንዴ ብረቱ ላይ በአሲድ የተጻፈ የሬጅመንት ስምና «የአገልግሎት ዘመኔ ማስታወሻ» የሚል ጽሑፍ አለው፤ ጦሩን እሱ ይነግራችኋል። የቦይ ቢላዋዎችም (ወታደር ምሽግ ውስጥ የሚይዛቸው አጫጭር ቢላዋዎች) አብዛኛውን ጊዜ የመረከቢያ ምልክት ብቻ ነው ያላቸው። ረጅም የጦር ቁጥር የደረደረ ቢላዋ ከቀረበላችሁ መጀመሪያ ማጉያ መነጽራችሁን አውጡ፣ ቦርሳችሁን በኋላ።