ዱድልበግ መንገድ ላይ ሲጠፋ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

እዚህ ሚኒሶታ፣ ከከተማ ወጣ ያለ ጋራዥ የምትሠሩ ካላችሁ፣ አንድ ቀን ይሄ ነገር በተጎታች ተጭኖ ይመጣላችኋል። ፊቱ የድሮ ፎርድ ነው። ወገቡ ተቆርጦ አጥሯል። ከኋላ የጭነት መኪና ዲፈረንሻል ተገጥሞለታል። መቀመጫው ከማጨጃ ማሽን የተነቀለ ብረት ነው። ባለቤቱ "አያቴ የሠራው ነው" ይላችኋል። እውነቱን ነው።

ዱድልበግ ይሉታል። በፈረንጆች 1930ዎቹ ገንዘብ በጠፋበት ጊዜ፣ በኋላም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት አዲስ ትራክተር እንደልብ በማይገኝበት ዘመን፣ ገበሬው አሮጌ መኪናውን ቆርጦ ትራክተር አደረገው። ከዚያም በፊት ቢሆን እዚሁ ሴንት ፖል የነበረው ስታውድ የሚባል ድርጅት ሞዴል ቲ ፎርድን ወደ ትራክተር የሚቀይር ዕቃ ይሸጥ ነበር። ሲርስ የሚባለው የአሜሪካ ትልቅ መደብርም በካታሎግ ሸጧል። ብዙዎቹ ግን እርሻ ጓሮ፣ በባለቤቱ እጅ የተበየዱ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ካንዱ አይመሳሰልም። ስዊድን ያላችሁ ኢፓ የሚሉትን ታውቁታላችሁ፤ ያም የዚሁ ዘመድ ነው።

የምጽፈው በሞዴል ኤ ፎርድ ስለተሠራው ነው፤ ደጋግሞ እጄ የሚገባው እሱ ስለሆነ። በፈረንጆች ከ1927 መጨረሻ እስከ 1931 ድረስ የተመረተው ነው። 4 ሲሊንደር፣ 3.3 ሊትር፣ 40 የፈረስ ጉልበት። ቤንዚን አለው ወይ፣ ባትሪው ሞልቷል ወይ እያልኩ አላደክማችሁም።

ምልክት፦ በደንብ ይነሳል፣ ሩብ ሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ይጠፋል

ከሚመጡልኝ ብዙዎቹ ይሄው ናቸው። አነሳሱ ያማረ ነው። ትንሽ ሄዶ ያስነጥሳል፣ ጉልበት ያጣል፣ ይጠፋል። ባለቤቱ ወርዶ ይራገማል፣ ቡና ይጠጣል። ተመልሶ ሲሞክረው ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። እንደገና ሩብ ሰዓት።

ሁሉም ሰው "ኮንደንሰር ነው" ይላል፤ ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ያለችውን፣ እሳቱ እንዳይደክም የምታደርገውን ትንሽ ዕቃ ማለታቸው ነው። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የለወጧቸውን ኮንደንሰሮች በቡና ቆርቆሮ ሞልተው አመጡልኝ። "ሁሉም የማይረቡ ናቸው" አሉኝ። ግማሹ ደህና ነበር። የሳቸው ችግር ቤንዚን ነበር።

ነገሩ ወዲህ ነው። ይሄ ሞተር የቤንዚን ፓምፕ የለውም። ሰልባትዮው፣ ማለትም የቤንዚን ማጠራቀሚያው፣ ከሾፌሩ ፊት፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ተቀምጧል፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡሬተር ይወርዳል። የሚገፋው ነገር ስለሌለ ትንሿ እንቅፋት ትበቃዋለች። ካርቡሬተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ለጊዜው ያሠራዋል። ከላይ የሚወርደው ከሚቃጠለው ካነሰ ግን ቀስ በቀስ ይደርቃል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ቀስ ብሎ ይሞላል። "አረፍ ሲል ይነሳል" የሚባለው ይሄ ነው።

የሞቀ ኮንደንሰርም ቁርጥ ይሄንኑ ምልክት ያሳያል። ሁለቱን የምትለዩት በጠፋበት ቅጽበት ብቻ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብትመረምሩ ሁለቱም ደህና መስለው ይታያሉ፣ እናንተም ዕቃ እየለወጣችሁ ትኖራላችሁ። ስለዚህ ሆን ብላችሁ አስነሱት፣ አጠገቡ ቁሙ፣ እስኪጠፋ ጠብቁት።

እንደጠፋ መጀመሪያ እሳቱን፣ ማለትም ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ እዩ። ከኮይል የሚመጣውን ወፍራም ገመድ ከዲስትሪቢዩተሩ ነቅላችሁ፣ ጫፉን ከቴስታታው 6 ሚሊ ሜትር ያህል አርቃችሁ፣ ሰው ሞተሪኖውን ይምታላችሁ። ገመዱን በተከለለ ፒንሳ ያዙት፣ የቤንዚን ሽታ ካለ ደግሞ ጨርሶ አትሞክሩት። ሰማያዊ ሆኖ ጠጠር ያለ ድምፅ ካሰማ እሳቱ ደህና ነው። ቢጫ፣ ደካማ፣ የሚቆራረጥ ከሆነ ኮንደንሰሩን ጠርጥሩ።

እሳቱ ደህና ከሆነ ወደ ቤንዚኑ። ካርቡሬተሩ ከታች የናስ ማፍሰሻ ቡሎን አለው። ተጠንቀቁ፦ ካርቡሬተሩና የጭስ ማውጫው በአንድ ወገን ናቸው፤ ብረቱ ደግሞ አሁን የጋለ ነው። ሰፊ ጣሳ ከታች አድርጉ። እሳት ማጥፊያ በእጅ ይሁን። ባትሪውን ፍቱ። የሚያጨስ ሰው ካለ አባሩት፤ ባለቤቱም ቢሆን። ቤንዚን ብረቱ ላይ ሊረጭ ይችላል ብላችሁ ካሰባችሁ እዚያ አትፍቱት፤ ቱቦውን ከጋለው ማኒፎልድ (የጭስ ማውጫው ብረት) ራቅ ካለው ጫፍ ፈታችሁ ሞክሩት።

ቡሎኑ ሲፈታ መጀመሪያ ይወርዳል፤ አትደሰቱ። ያ የተጠራቀመው ነው። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ጤነኛ መስመር የእርሳስ ውፍረት ያህል ሳያቋርጥ ያወርዳል። እየቀጠነ ሄዶ ጠብ ጠብ ካለ አገኛችሁት ማለት ነው።

አሁን ጣሳውን ሳታነሱ የሰልባትዮውን ክዳን ፍቱት። ፉጨት ከሰማችሁና ፍሰቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የክዳኑ ነው። የድሮው ክዳን አየር ማስገቢያ አለው። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። ሰዎች ግን ክዳኑ ሲጠፋባቸው ያገኙትን ድፍን ክዳን ይገጥማሉ። አንድ ደንበኛዬ ቤንዚን እየተረጨ አዲሱን ቀለም አበላሸበት ብሎ ቀዳዳዋን በሲሊኮን ደፈናት። ትራክተሩ የጁላይ 4 የነጻነት ቀን ሰልፍ መሀል ላይ ጠፋ። ከኋላው የእሳት አደጋ መኪና፣ ከዚያ ኋላ የትምህርት ቤት ባንድ ተሰልፏል። አዲስ ትራክተር ጎትቶ አወጣው። አባቱ እስካሁን አልተወውም። መፍትሄው ሲሊኮኑን በመርፌ መውጋት ነበር፤ ዕዳው ገብስ።

ክዳኑ ተከፍቶም ፍሰቱ ካልተመለሰ ወደ ታች ውረዱ። ባለቤቱ ከመኪና ዕቃ መደብር ገዝቶ መሀል ላይ የገጠማት የወረቀት ፊልትሮ ካለች አውጥታችሁ ጣሏት። እሷ የተሠራችው ፓምፕ ላለው መኪና ነው። እዚህ ቤንዚኑን የሚገፋው የግማሽ ሜትር ያህል ከፍታ ብቻ ነው፤ ወረቀቷ ትንሽ ስትቆሽሽ አታሳልፈውም። የብረቱን ቱቦ ቆርጦ ጎማ የቀጠለበትም አለ። ጎማ ጭስ ማውጫ አጠገብ! ውስጡ ያብጣል፣ ይላላጣል፣ ከዚያም አልፎ ያቃጥላችኋል። በብረት ቱቦ ተኩት፣ ከጋለው ብረትም አርቁት። በእሱ ላይ አልደራደርም፤ ባለቤቱ እምቢ ካለ ትራክተሩን ይዞ ይሂድ።

ቀጥሎ የቆሻሻ ማጠራቀሚያዋን ኩባያና ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ያለችውን ትንሽ ወንፊት አጽዱ። ቡናማ ዱቄት ካገኛችሁ ዝገቱ ከላይ ነው የሚመጣው። ብታጸዱትም ይመለሳል።

ዝገት ያለበትን ሰልባትዮ በኮምፕሬሰር ከታች ወደ ላይ ነፍቶ "ተሠራ" ብሎ የሚመልስ ጋራዥ አውቃለሁ። ዝገቱ ይበተናል፣ ትራክተሩ ለአንድ ከሰዓት ይሠራል፣ ከዚያ ተመልሶ መውጫው ላይ ይተኛል። ሥራ አይባልም።

ከዝገት የባሰው ግን ውስጡ የተቀባ ሰልባትዮ ነው። ቀዳዳ ለመድፈን እየተባለ የሚፈስ ቅብ አለ። ዝገትና ቅባት ላይ ከፈሰሰ አይዝም፤ የዛሬው ቤንዚን ውስጥ ያለው ኢታኖል ደግሞ ያላቅቀዋል። አንዴ ፍሰቱ ድንገት ይቆማል፣ ሰልባትዮውን መታ ሳደርገው ይመለሳል። ክዳኑን ከፍቼ በባትሪ መብራት ሳይ ምንም የለም። ቤንዚኑን እያፈሰስኩ ዝቅ ሲል ብቅ አለች፦ መዳፍ የምታህል የተላጠ ቅብ፣ ስስ፣ ጫፏ የተጠቀለለ። ሞተሩ ሲሠራ ቤንዚኑ ይስባትና መውጫው ላይ ትለጠፋለች። ሲጠፋ ትንሳፈፋለች። የትራክተሩ ባለቤት በሷ ምክንያት ካርቡሬተር፣ ኮይልና ሙሉ ዲስትሪቢዩተር ለውጠው ነበር።

መፍትሄው ሰልባትዮውን ማውረድ ነው። ባዶ አድርጉት፣ እንዲተነፍስ ተዉት። በአቼቶ ሙሉትና አንድ ሁለት ቀን ይቀመጥ። ቁራጭ ሰንሰለት ጨምራችሁ እያገላበጣችሁ አንቀጥቅጡት። በውሃና በሶዳ እጠቡት፣ ወዲያው አድርቁት፤ እርጥብ ካደረ በማግሥቱ ይዝጋል። ሰንሰለቱን ማውጣት አትርሱ። የተላጠ ቅብ ካለበት አቼቶ አይነካውም፤ የቅብ ማስለቀቂያ ይፈልጋል። ስትመልሱት መውጫው ውስጥ ወደ ላይ የምትቆም የናስ ወንፊት ግጠሙለት። ርካሽ ናት፣ ጣጣውን ትገላግላችኋለች።

ሰልባትዮ አትበይዱ። ባዶ ነው ብላችሁ አትበይዱ። ታጥቧል ብላችሁም አትበይዱ። የሚፈጀው ፈሳሹ ሳይሆን ውስጡ የቀረው ትነት ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ ቤት አለ፤ እዚያ ላኩት።

ሌላም ልጨምር፤ አቼቶው ውጪውን ቀለም እንዳይነካ። ቀለሙ ላይ አያትየው በብሩሽ የጻፉት የእርሻው ስም ሊኖር ይችላል። ሰልባትዮ በገንዘብ ይገዛል፤ ያ ጽሑፍ አይገዛም። አንጸባራቂ ቀለም እንድትቀቡላቸው የሚጠይቁ ልጆች ሲመጡ፣ ከመቀባታችሁ በፊት ቤተሰቡን ሰብስበው እንዲጠይቁ ንገሯቸው።

ምልክት፦ እሳቱ ሲሞቅ ይደክማል

እውነተኛው የኮንደንሰር ችግር ይሄ ነው። አዳዲሶቹ ኮንደንሰሮች ያናድዳሉ፤ ከሳጥን ወጥተው የሚሞቱ አሉ። አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ ሰፈር የሠራ ሰው የድሮ ዕቃ በቀላሉ እንደማይጣል ያውቃል፤ እዚህም የሚሠራውን አሮጌ ኮንደንሰር ቅባት ነገር ሳይነካው አስቀምጡት። ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው) ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር፣ ካንዴላው 0.9 ሚሊ ሜትር ይከፈት። የሲሊንደሮቹ የአቃጣጠል ተራ 1፣ 2፣ 4፣ 3 ነው፤ አንደኛው ሲሊንደር በራዲያተር በኩል ያለው ነው።

ምልክት፦ ሞተሪኖው እየተጎተተ ነው የሚዞረው

ባትሪው 6 ቮልት ነው። ለተመሳሳይ ጉልበት ከ12 ቮልት እጥፍ ኤሌክትሪክ ይስባል። ስለዚህ የዘመኑ መኪና ቀጭን ኬብል አይበቃውም፤ ወፍራም ግጠሙ። ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን ፍቃችሁ ባዶ ብረት አድርጉት። ቀለም ላይ ቡሎን አጥብቆ "አስሬዋለሁ" የሚል ሰው አይጠፋም።

ከሻንሲ ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነው። ነጋቲቩን ያሰረ ሰው ካያችሁ ተዉት አትበሉ፤ አምፔር ማሳያው ተገልብጦ ይቆጥራል፣ እሳቱም ይደክማል። ከፒክአፕ 12 ቮልት እየሳባችሁ አታስነሱት። ሞተሪኖው በኃይል ሲመታ የማርሹ ስፕሪንግ ይሰበራል፣ አምፖል ካለውም ይቃጠላል።

በማንቬላ የምታስነሱ ከሆነ፦ ከመሪው በግራ ያለው የእሳት ማዘግያ ዘንግ ወደ ላይ ተገፍቶ እሳቱ መዘግየት አለበት። ካልዘገየ ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፣ ክንድ ይሰብራል። አውራ ጣት ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ይሁን። ከታች ወደ ላይ ሳቡ፤ ወደ ታች አትጫኑ።

ምልክት፦ ወደፊት ሳስገባው ወደ ኋላ ይሄዳል

ብዙ ዱድልበግ ሁለት ካምቢዮ ተከታትሎ አለው። የኋለኛው ሪቨርስ ላይ ቀርቶ ነው። ሁለቱንም ሪቨርስ ብታስገቡ ደግሞ ወደፊት ይሄዳል፤ ልጆች ይወዱታል። ጥፋት የለውም፣ ገንዘብ አትቀበሉ።

እውነተኛው ጣጣ ሁለቱንም አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ጉቶ ለመንቀል መሞከር ነው። የአንዱ አንደኛ ማርሽ ከ3 እጥፍ በላይ ያበዛል፤ ሁለቱ ሲባዙ ወደ 10 እጥፍ ይጠጋሉ። ያን ጉልበት የሚሸከመው ለመኪና የተሠራ አክስል ነው። ሲሰበር ድምፁን ጎረቤት ይሰማል። ማርሹ በራሱ የሚዘል ከሆነ ሁለቱ ካምቢዮዎች ቀጥ ብለው አልተያያዙም ማለት ነው፤ በስስ ቆርቆሮ አስተካክሉ። ሲገባ መጮኹ ግን ያለ ነው፤ ፍሪሲዮኑን ሁለቴ መርገጥ ይልመዱ።

የቀሩት ባጭሩ

ውሃው ይፈላል፦ ራዲያተሩ ተደፍኗል። ከታች ጠንካራ ማንኳኳት፦ ኩሽኔታው በቀለጠ ብረት የተፈሰሰ ነው፣ ወዲያው አጥፉ። ጥቁር ጭስ፦ ከመሪው በስተቀኝ ያለችውን የቤንዚን ማስተካከያ ዘንግ አብዝተው ከፍተዋታል። ለማስነሳት የሚረጭ ጋዝ፦ አይሆንም፣ ቀለበት ይሰብራል።

ፍሬኑን ሳታዩ አትመልሱ። ወገቡ ሲቆረጥ የፍሬኑ ዘንጎች አብረው ተቆርጠው የቀሩበት አጋጥሞኛል፤ ፔዳሉ አለ፣ የሚይዘው ነገር የለም። የሚጎተተው ዕቃ የሚታሰርበትን መንጠቆም እዩ። ከኋላ አክስሉ ከፍ ካለ ቁረጡና ዝቅ አድርጉት። አጭር ትራክተር ነው። ከፍ ብሎ ከታሰረ ፊቱ ተነስቶ በሾፌሩ ላይ ይገለበጣል፤ ከላይ የሚከላከል ብረት ደግሞ የለውም። ዝቅ እስኪል ድረስ ሰልፍ ላይ ከመንዳት በቀር ምንም እንዳይጎትቱበት ንገሯቸው፣ ደረሰኙ ላይም ጻፉት።