ጌሙ ቢቋረጥም ጨዋታው አይቁም

መጀመሪያ ተረጋጉ። ድርጅቱ የምትወዱትን የጠረጴዛ ሮል ፕሌይንግ ጌም (ከጓደኛ ጋር ተቀምጣችሁ፣ እንደ መጽሐፉ ደንብ ገጸ ባህሪ ሆናችሁ የምትጫወቱትን) ማተም አቆመ ማለት ቤታችሁ መጥቶ መጽሐፉን ወሰደ ማለት አይደለም። ዳይሱም አለ፣ ጓደኞቻችሁም አሉ።

ወሬ ስትሰሙ የቆመው ጌሙ ነው ወይስ አሳታሚው ብላችሁ ለዩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2008 ጌምስ ወርክሾፕ የተባለው ድርጅት ዳርክ ሄረሲ የሚባል ሮል ፕሌይንግ ጌም ባወጣ በቀናት ውስጥ፣ ጌሙን ያሳተመውን ብላክ ኢንዱስትሪስ የተባለ ክፍሉን ልዘጋ ነው አለ። አድናቂው ክው አለ። ብዙም ሳይቆይ ግን ፋንታሲ ፍላይት ጌምስ የተባለ ሌላ አሳታሚ የማሳተም ፈቃዱን ወስዶ ቀጠለበት።

የገዛችሁት ፒዲኤፍ ካለ ዛሬውኑ አውርዱ፣ ሌላ ቦታም ቅጂ አስቀምጡ። በኤፕሪል 2009 አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የታዋቂውን ሮል ፕሌይንግ ጌም የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ፒዲኤፎች ከሽያጭ ሲያነሳ፣ ከፍለው ሳያወርዱ የቆዩ ሰዎች ጉድ ሆኑ። የድሮዎቹ መጽሐፎች በፒዲኤፍ ተመልሰው መሸጥ የጀመሩት በ2013 ነው።

በድንጋጤ አትግዙ። እኔ አንዴ በወሬ ተነድቼ ሦስት ተጨማሪ መጽሐፍ በውድ ገዛሁ፤ ሁለቱ እስካሁን አልተገለጡም።

ከሁሉም በላይ የጌሙን ፈቃድ፣ ማለትም ሌላ ሰው ደንቦቹን እንዴት መጠቀም እንደሚችል የሚናገረውን ጽሑፍ አንብቡ። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ 3.5 እትም በ2008 ለአራተኛው ቦታ ሲለቅ ያዳነው እሱ ነው፤ ደንቦቹ በ2000 በመጣው፣ ሌሎችም እንዲጠቀሙባቸው በሚፈቅደው ኦጂኤል በሚባል ክፍት ፈቃድ ስለወጡ፣ ፓይዞ የተባለ ሌላ አሳታሚ እነሱን ይዞ በ2009 ፓዝፋይንደር የሚባል ጌም አወጣ፣ ብዙ ሰውም አዲሱን እትም ትቶ ወደዚያ ጎረፈ። ክፍት ፈቃድ ከሌለም ተስፋ አትቁረጡ። በአሜሪካ ሕግ የጨዋታው አሠራር በኮፒራይት አይያዝም፤ የሚያዘው የተጻፈበት ቃልና ሥዕሉ ነው። ስለዚህ ደንቡን በራሳችሁ ቃል መጻፍ ትችላላችሁ፣ መጽሐፉን ስካን አድርጎ መበተን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መቆጣት ከፈለጋችሁ በገንዘባችሁ ተቆጡ። በጃንዋሪ 2023 ኦጂኤልን የሚቀይር ረቂቅ ሾልኮ ሲወጣ ስድቡ ብዙ ነበር፣ ግን ብዙ ሰው የዲኤንዲ ቢዮንድ (የዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የኦንላይን አገልግሎት) ሰብስክሪፕሽኑንም ሰረዘ። ወሩ ሳያልቅ ዊዛርድስ ረቂቁን ትቶ የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ደንቦች ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባል ክፍት ፈቃድ ለቀቃቸው።

የቀረው ሰው ማግኘት ነው። አዲስ ተጫዋች ስትጋብዙ “የሞተ ጌም ነው ግን...” ብላችሁ አትጀምሩ፤ ማንም ለቅሶ መድረስ አይፈልግም። የገጸ ባህሪውን ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጉ፣ ዳይስ አውሱት፣ ቅዳሜ ና በሉት።