በረዶ የያዘ ትንሽ አውሮፕላን እንዴት ይረፍ?

በረዶ የያዘ ክንፍ በፍጥነት እየበረረ ሳለ ጤነኛ ሊመስል ይችላል፤ የሚከዳው ለማረፍ ፍጥነት ሲቀነስ ነው። እንደ ሸካራ ብርጭቆ ወረቀት ያለ ስስ በረዶ እንኳ የክንፉን የማንሳት ኃይል እስከ 30 በመቶ ሊቀንስ፣ የአየሩን ጎታች ኃይል እስከ 40 በመቶ ሊጨምር ይችላል። የስቶል (ክንፉ የማንሳት ኃይሉን ድንገት የሚያጣበት ሁኔታ) ማስጠንቀቂያውም አይታመንም፤ የተለካው ለንጹህ ክንፍ ስለሆነ ሳይጮህ ክንፉ ስቶል ሊያደርግ ይችላል።

የፒቶ ቱቦውና (የአየር ፍጥነት የሚለካበት ቱቦ) የመስታወቱ ማሞቂያ መሥራታቸውን አረጋግጡ፤ አውቶፓይለቱን (አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረውን መሣሪያ) አጥፉና በእጅ አብርሩ። አውቶፓይለት አውሮፕላኑ መክበዱን ይደብቃል፤ ሲለቅ ደግሞ ድንገት ይለቃል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኢንዲያና ውስጥ ሮዝሎውን አጠገብ 68 ሰዎች ያለቁበት ኤቲአር 72 የመንገደኞች አውሮፕላን የተገለበጠው፣ በረዶው የክንፉን ማዘንበያ ሰሌዳ (ኤይለሮን) ገፍቶ አውቶፓይለቱ እንደለቀቀ ነበር።

የአውሮፕላኑ መመሪያ ለበረዶ የተለየ ፍጥነት ካለው እሱን ያዙ፤ ከሌለው ከተለመደው የአቀራረብ ፍጥነት ላይ ከ10 እስከ 20 ኖት (1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪ.ሜ. ገደማ ነው) መጨመር የተለመደ ነው። ፍጥነት በ20 በመቶ ሲጨምር ፍሬኑ የሚያቆመው ጉልበት በ44 በመቶ ይጨምራል። ስለዚህ ቅርብ ከሆነው አጭር ሜዳ ይልቅ ረጅሙን ምረጡ፤ ለተቆጣጣሪውም ቀድማችሁ ንገሩ።

ዋናው ጣጣ ፍላፕ፣ ማለትም ለማረፍ ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋው ሰሌዳ፣ ነው። አግድም ጅራቱ ከክንፉ ስለሚቀጥን በረዶ ቀድሞ ይይዛል፤ ከመቀመጫችሁም ብዙውን ጊዜ አይታይም። ፍላፕ ሲወርድ ከክንፉ የሚወጣው አየር ወደ ታች ይታጠፍና ጅራቱን ስቶል ሊያስደርገው ይችላል፤ ያኔ አፍንጫው ይደፋል። መመሪያው ካልከለከለ በትንሽ ፍላፕ ወይም ያለ ፍላፕ እረፉ።

ፍላፕ እንዳወረዳችሁ መሪው ከቀለለ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም ወደ ፊት ከተነጠቀ ጅራቱን ጠርጥሩ፦ መሪውን ሳቡ፣ ፍላፑን ወደነበረበት መልሱ፣ ሞተር አትጨምሩ። መሪው ሳይሆን አካሉ ከተንቀጠቀጠ ግን ስቶል ያደረገው ክንፉ ነው፤ መድኃኒቱም ተቃራኒ ነው፦ አፍንጫውን ዝቅ፣ ሞተሩን ከፍ። ሁለቱን ማምታታት መሬት አጠገብ ይገድላል፤ የእናንተ አውሮፕላን መመሪያ ስለ ጅራት ስቶል የሚለውን ቀድማችሁ አንብቡ።

መሬት ሲቃረብ ሞተሩን አትዝጉ፤ አፍንጫውንም እንደወትሮው ከፍ አድርጋችሁ አታንሳፉት። ኃይል እንደያዘ ጎማው መሬት ይንካ፤ ሞተሩ የሚቀነሰው ከዚያ በኋላ ነው።