አስፕሪንን ለብጉር እንዴት እንጠቀም?

አስፕሪን ፊት ላይ ይቀባል ሲባል የሰማ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «እውነት ይሠራል?» ብሎ ነው። አንድ ሁለት ያበጠ ብጉር ላይ ጠብ ማድረግ ይቻላል፣ ሊረዳም ይችላል። መላ ፊትን መለሰን ግን አልመክርም።

ብዙ የብጉር ቅባቶች ውስጥ ያለው ሳሊሲሊክ አሲድ ነው። አስፕሪን ደግሞ አሴቲል ሳሊሲሊክ አሲድ ነው፤ ዘመዳሞች ናቸው እንጂ አንድ አይደሉም። አስፕሪን እርጥበት ሲያገኘው ወደ ሳሊሲሊክ አሲድና ወደ ኮምጣጤ አሲድ ይፈርሳል። ያረጀ የአስፕሪን ብልቃጥ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተውም ለዚሁ ነው። ችግሩ ለውጡ አዝጋሚ መሆኑ ነው፤ ፊት ላይ በሚቆይባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ብዙ አይለወጥም። ስለዚህ የተዘጋጀ ቅባት የሚሰጠውን ውጤት አትጠብቁ።

አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አለርጂ የሚቀሰቅስበት፣ አስሙን የሚያስነሳበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይህን ይተወው። ለልጆችና ለታዳጊዎችም አይሁን።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ክኒን ሲመርጥ ነው። የሚፈለገው ምንም ሽፋን የሌለው፣ ነጭና ደብዛዛ፣ ጣት ላይ ዱቄቱ የሚቀር ተራ አስፕሪን ነው። ላዩ የሚያብረቀርቀው ጨጓራን አልፎ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሠራ በመሆኑ ውሃ ጠብ ቢደረግበት እንደ ጠጠር ቁጭ ይላል። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ዓይነት ደግሞ ሶዳ ስላለበት አሲዱን ያከሽፈዋል። ፓራሲታሞል ጭራሽ ሌላ መድኃኒት ነው፤ ራስ ምታት ስላስታገሰ ብጉር ላይ ይሠራል ማለት አይደለም። ከካፌይን ጋር የተቀላቀለውንም ተዉት።

አንድ ባለ 300 ሚሊ ግራም ክኒን ማንኪያ ላይ አድርጉና አራት አምስት ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ትንሽ ቆይቶ በራሱ ይፈራርሳል። ሟሙቶ እስኪጠፋ አትጠብቁ፤ አንድ ሊትር ውሃ እንኳ የሚያሟሟው 3 ግራም ያህል ብቻ ነው። ሎሚ የሚጨምሩ አሉ፤ የሚያተርፉት መቆጥቆጥ ነው።

መጀመሪያ ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ ሞክሩና 24 ሰዓት ጠብቁ። ካልቀላና ካላሳከከ፣ በታጠበና በደረቀ ፊት ላይ ብጉሩ ላይ ብቻ በጥጥ ቀቡት። የቆሰለ ወይም የተላጠ ቆዳ ላይ፣ ዓይንና ከንፈር አጠገብም አይነካ። ከአምስት እስከ አስር ደቂቃ ይበቃዋል፤ ካቃጠለ ወዲያው ይታጠብ።

ማስለቀቁ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የደረቀው ዱቄት እንደ አሸዋ ይሻክራል፤ እጅ ደግሞ መፈተግ ይወዳል። ብዙዎች «አስፕሪን ፊቴን አቀላው» የሚሉት ፈትገው ነው። ለብ ባለ ውሃ የራሰ ጨርቅ ላዩ ላይ አሳርፉና እስኪለሰልስ ጠብቁ፤ ከዚያ ውሃ እያፈሰሱ ማስለቀቅ ነው። አደራረቁም በፎጣ መታ መታ እያደረጉ ይሁን።

ከዚያ ማለስለሻ፣ ቀን ቀን ደግሞ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ተቀቡ። ሬቲኖል ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለበት ሌላ የፊት ቅባት በምትቀቡበት ምሽት አስፕሪኑን ዝለሉት። በሳምንት ከአንድ ሁለቴ አይለፍ።

በዚሁ ዱቄት የተረከዝ ድርቀት የሚያለሰልሱ አሉ። ስኳር ያለበት ሰው ግን እግሩ ላይ ምንም ዓይነት አሲድ አይሞክር፤ ቁስሉ ሳይሰማው ሊሰፋ ይችላል።

የተረፈውን ድፉት እንጂ ለነገ አታስቀምጡ፤ እርጥቡ ክኒን መፍረሱን ይቀጥላል፣ ለነገ ምን ያህል አሲድ እንደሚኖረውም አታውቁም። ብጉሩ የሚደጋገም ከሆነ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው የተዘጋጀ ቅባት መግዛት ይሻላል፤ መጠኑ ተለክቶ የተሠራ ነው፣ ማንኪያና ጠብታም አይፈልግም።