የሰፈርዎን ውሃ እንዴት መመዝገብ ይችላሉ?

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውሃ ነው፤ ዋናዎቹ ጉድጓዶች ሳቢያን አካባቢ ናቸው። ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሲሞላ ደግሞ በ1998 ክረምት እንዳየነው ሰው ይዞ ይሄዳል። ሐረርን ያጠጣ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ ሰው ሁሉ እያየው ደርቆ ነበር። ከመሬት በታች ያለውንማ ካልለካነው በምን እናውቃለን?

አንድ ሃርድ ከቨር ደብተር ይበቃል። መጀመሪያ የሰፈሩን ውሃ መቅጃዎች በሙሉ ይጻፉ፦ ቦኖ፣ የእጅ ጉድጓድ፣ ሮቶ፣ ቦቴ የሚቆምበት ቦታ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ይስጡት። «የሼኩ ጉድጓድ» ሲባል ዛሬ ሁላችንም እናውቀዋለን። ቤቱ ሲሸጥ ግን ስሙም ይቀየራል።

ቦኖው ጋ ውሃ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ይያዙ። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በስንት ደቂቃ እንደሚሞላም በስልክዎ ይለኩ። በ2 ደቂቃ ከሞላ በደቂቃ 10 ሊትር ነው። «ማክሰኞ መጣ፣ ጥሩ ነበር» የሚል ደብተር አይቻለሁ። ያንን ይዞ ማንም ጋ መሄድ አይቻልም። «በ30 ቀን ውስጥ የመጣው 9 ቀን ነው» የሚል ካለዎት ግን የውሃው ቢሮ ሰውም ቁጭ ብሎ ያነጋግርዎታል።

ጉድጓድ የሚለካው ማለዳ፣ ማንም ሳይቀዳ ነው። በየሜትሩ ምልክት ያለው ገመድ ጫፍ ላይ ክብደት አስረው፣ በበረኪና አጥበው ያውርዱት። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ እንዲለኩ አፉ ላይ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ብቻዎን ግን አይሂዱ። ባለፈው ወር 12.40 ሜትር የነበረው አሁን 12.90 ከሆነ ውሃው ግማሽ ሜትር ወርዷል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ውሃው ቀንሷል፤ ይህን ብዙ ሰው ይገለብጠዋል።

ለዝናብ ጎኑ ቀጥ ያለ ቆርቆሮ ሜዳ ላይ ያስቀምጡ። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት በማስመሪያ ለክተው ይድፉት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ከዘነበ 400 ሊትር ይሆናል፤ የሚባክነውን ቀንሱለት። በበልግና በክረምት ይህን የማያጠራቅም ቤት ያሳዝነኛል።

አሁን ዋናው ነገር። ካልዘነበ «0» ይጻፉ። ሳይለኩ ከቀሩ ግን ሰረዝ ያድርጉ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ በዓመቱ መጨረሻ ድርቅ የነበረውን ወር መዝጋቢው ለቅሶ ከሄደበት ወር መለየት አይቻልም። ቀኑም በአንድ አቆጣጠር ይሁን። ስልኩ በፈረንጅ፣ ደብተሩ በሐበሻ ከሆነ ጉድ ይፈላል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ አንዱ «3» ሌላው «9» ብሎ የጻፈው ያው አንድ ጠዋት ሊሆን ይችላል። ስህተት ሲገኝ አይፋቅ። አንድ መስመር ይሰመርበትና ትክክለኛው አጠገቡ ይጻፍ።

የውሃው ንጽህናም መታወቅ አለበት። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በዓይን ይታያል። ከሽንት ቤት ጉድጓድ የሚሰርገው ናይትሬት የሚባለው ጎጂ ነገር ግን አይታይም፣ አይቀመስም፣ ቢፈላም አይወጣም። ስለዚህ በዓመት አንዴ ናሙና ላቦራቶሪ ይግባ፤ ውጤቱም ደብተሩ ላይ ይለጠፍ።

ደብተሩን ሁለት ሰው ይያዘው። በየእሁዱ ገጹን ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ያስቀምጡ፤ ወሩ ሲያልቅ ኤክሴል የሚችል ልጅ ይገልብጠው። በእድሩ ወይም በአፎቻው ስብሰባ ይነበብ። ከዚያ የወሩን ቁጥር ካርቶን ላይ በትልቁ ጽፈው ቦኖው አጠገብ ይስቀሉት። የተሳሳተ ካለ ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት እዚያው ያርሙታል።